ያለፈች ከተማ በጨዋታ ስትነሣ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል እኛ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች ስለ አንድ መጽሐፍ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። እንደዚህ ባለው ቀን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስላለፈው ዘመን ነው፤ ማን መሠረተው፣ ማን አስተማረበት፣ ማን ተማረበት እየተባለ ይታወሳል። እኛ የመረጥነውም መጽሐፍ የትዝታን ነገር የሚመለከት ስለ ሆነ ከበዓሉ ጋር ይስማማል ብለን አሰብን። ነገር ግን መጽሐፉ የሚያስታውሰው ጦርነትን ወይም ንጉሥን አይደለም፤ የሚያስታውሰው የአንዲት ከተማን ሌሊት ነው። የሚያስታውስበትም መንገድ ልቅሶ ሳይሆን ጨዋታ ነው። ኀዘንን በጨዋታ መናገር ይቻላልን? በማለት በክበባችን ብዙ ተከራክረናል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዚያን ክርክር ፍሬ ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጽሐፉ በ1967 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ በስፓኝ ቋንቋ የታተመ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ኩባዊው ጊዬርሞ ካብሬራ ኢንፋንቴ ይባላል። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሦስት ያዘኑ ነብሮች» ማለት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የአራዊት ተረት ይመስለዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንድም ነብር የለም። ስሙ የተወሰደው የስፓኝ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ምላሳቸውን ከሚያፍታቱበት፣ ቶሎ ቶሎ ሲሉት ከሚያደናቅፍ የቃል ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ሦስት ነብሮች በስንዴ ማሳ ውስጥ ስንዴ ይበላሉ፤ ቁም ነገሩ ግን ነብሩም ስንዴውም ሳይሆን የድምፁ መመላለስ ነው። በ1971 መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሁለት ተርጓሚዎች ከደራሲው ጋር ሆነው ሲሠሩ «ያዘኑ» የሚለውን ቃል ትተው «በወጥመድ የተያዙ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አገቡበት። ይህን ያደረጉት ሦስቱም ቃላት በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል እንዲጀምሩ ብለው ነው። እንግዲህ ፍቺው ቢለወጥም ዜማው ቀረ ማለት ነው። እኛም ያነበብነው በዚህ ትርጉም ነው።

ስለ ደራሲው ጥቂት እንናገር። ካብሬራ ኢንፋንቴ በ1929 ኺባራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በኩባ የኮሙኒስት ፓርቲን ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። በ1941 ቤተ ሰቡ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሃቫና ሄደ፤ የገጠር ልጅ በመብራት የተጥለቀለቀች ከተማ ያን ጊዜ አየ። በ1952 በአንድ መጽሔት ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስድብ አለበት ተብሎ ታሰረ፤ ተቀጣም። ከዚያ በኋላ በስሙ ለመጻፍ ስላልቻለ «ካይን» በሚል የብዕር ስም ስለ ሲኒማ ይጽፍ ጀመር። በ1959 የፊደል ካስትሮ አብዮት ሲያሸንፍ አብዮቱን በደስታ ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ «ሬቮሉሲዮን» የሚባለው ጋዜጣ በየሰኞው የሚያወጣውን የሥነ ጽሑፍ ክፍል እንዲመራም ተሾመ።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንመለስ። ልብ ወለዱ የሚነሣው በ1958 በጋ ነው። ያን ጊዜ ኩባን የሚገዛው በ1952 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ባቲስታ ነበር። ሃቫና ከአሜሪካ ብዙ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ የተዘጋጀች የመዝናኛ ከተማ ነበረች። በ1939 መጨረሻ የተከፈተው ትሮፒካና የሚባለው ታላቅ የጭፈራ ቤት በዛፎች መካከል መድረክ አቁሞ ዘፋኞችንና ጨፋሪዎችን ያሳይ ነበር። በ1957 መጨረሻ ደግሞ ታዋቂው አሜሪካዊ ወንበዴ ሜየር ላንስኪ ሪቪዬራ የሚባለውን ሆቴል ከነቁማር ቤቱ ከፈተ። ላ ራምፓ በሚባለው አቀበት መንገድ ግራና ቀኝ ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ተደርድረው ነበር፤ ማሌኮን የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ይመላለስበት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የባቲስታ ፖሊሶች ወጣቶችን ያሰቃዩና ይገድሉ ነበር፤ በተራራው ላይም አማፅያን ይዋጉ ነበር። በ1959 ጥር 1 ቀን ሌሊት ባቲስታ ከአዲስ ዓመት ግብዣው ተነሥቶ በአውሮፕላን ኰበለለ። ሲነጋ ሕዝቡ የቁማር ማሽኖቹን እያወጣ ሰባበራቸው። ያቺ የሌሊት ከተማ ማብቃት የጀመረችው ከዚያ ቀን ነው።

መጽሐፉ እንደ ሌሎች ልብ ወለዶች አንድ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተርክም። የሚከፈተው በትሮፒካና መድረክ አስተዋዋቂ ንግግር ነው፤ ሰውዬው ስፓኝኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀ እንግዶቹን ይቀበላል፤ መጋረጃው ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ድምፆች ይከተላሉ። አንዱ የስልክ ንግግር ነው፤ አንዱ ከገጠር የተላከ ደብዳቤ ነው፤ አንዱ አንዲት ሴት ለሐኪሟ የምትናገረው ነው። ዋናዎቹ ተራኪዎች ሌሊቱን አብረው የሚያሳልፉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ኮዳክ የሚባለው ፎቶግራፍ አንሺ፣ ኤሪቦ የሚባለው ከበሮ መቺ፣ አርሴኒዮ ኩዌ የሚባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ተዋናይ፣ ሲኒማ ወዳዱ ጸሐፊ ሲልቬስትሬ። ደራሲው በመግቢያው መጽሐፉ የተጻፈው በኩባ አነጋገር መሆኑንና ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሚሻል ያሳስባል። እኛም ምክሩን ተቀብለን በክበባችን ተራ በተራ ድምፅ አውጥተን አነበብነው። በዝምታ ስናነበው ያልገባን ብዙ ነገር ሲነገር ገባን።

ጨዋታውን በምሳሌ እናሳይ። አቶ ካምቤል የሚባል አሜሪካዊ ጎብኝ ከሚስቱ ጋር ሃቫና ይመጣና ከዘራ ይገዛል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ያንኑ የመሰለ ከዘራ የያዘ ሰው አይቶ «ሌባ!» ብሎ ይይዘዋል፤ ፖሊስም ከዘራውን ተቀብሎ ለጎብኝው ይሰጠዋል። ሆቴሉ ሲገባ የራሱ ከዘራ በክፍሉ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። እንግዲህ ሌባው ማን ሆነ? ይህን ታሪክ ባልየው ይተርከዋል፤ ሚስቲቱ ደግሞ «እንዲህ አይደለም» እያለች ታርመዋለች። ቀጥሎም ያው ታሪክና ያው እርማት በሌላ ተርጓሚ አጻጻፍ እንደ ገና ይመጣል። በዚህ ዐይነት አንድ ከዘራ አራት ጊዜ ይተረካል፤ አራቱም አይመሳሰሉም። ደራሲው ስለ ትዝታ ሰፊ ትምህርት ሳይሰጥ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ያዩትን ነገር አንድ አድርገው እንደማያስታውሱት በዚህ ቀልድ አሳየን።

ከጓደኛሞቹ ሁሉ የሚደነቀው ቡስትሮፌዶን ነው። ስሙ የግሪክ ቃል ነው፤ አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ተከታዩን ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፉበትን የጥንት አጻጻፍ ያመለክታል። ትርጉሙ «በሬ እንደሚዞረው» ማለት ነው፤ በሬ አንዱን ትልም ጨርሶ ዞሮ ሌላውን እንደሚይዝ። የግዕዝ ፊደል በተገኘበት በደቡብ ዐረብ ጽሕፈትም የጥንቶቹ የድንጋይ ጽሑፎች እንዲህ ይጻፉ እንደ ነበር ስለ ተማርን፣ ይህ ስም ለእኛ ባዕድ ሆኖ አልታየንም። ቡስትሮፌዶን ቃል ይገለብጣል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፤ የሰው ስም ሁሉ በአፉ ሌላ ይሆናል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በአንጎሉ በነበረ ሕመም በወጣትነቱ ይሞታል። ከእርሱ የሚቀረው በጓደኞቹ አፍ ያለው ጨዋታና በቴፕ የተቀዳው ድምፁ ነው። በቴፑ ላይ በ1940 በሜክሲኮ የተፈጸመውን የትሮትስኪን መገደል ሰባት የኩባ ደራሲዎች እያንዳንዳቸው ቢጽፉት እንዴት እንደሚጽፉት እያስመሰለ ያወራል። አንደኛው የታላቁ የነጻነት አርበኛ የሆሴ ማርቲ አጻጻፍ ነው፤ ማርቲ ግን ትሮትስኪ ከመገደሉ አርባ አምስት ዓመት ቀድሞ በ1895 ሞቷል። ቀልዱ ያስቃል፤ ዳሩ ግን የሳቁ ባለቤት ሞቶ ድምፁ ብቻ እንደሚናገር ስናስብ ሳቁ በጉሮሯችን ይቀራል። ባዶ የተተዉ ገጾችም አሉበት፤ በመስታወት ካልሆነ የማይነበብ ገጽም አለበት።

እኛ ከሰምና ወርቅ አገር የተወለድን ነን። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዲይዝ ማድረግ፣ በላይ ሣቅ አስቀምጦ በታች ኀዘንን መቅበር፣ ቅኔ ተማሪ ቤት ሲሠራበት የኖረ ጥበብ ነው፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ያውቀዋል። ስለዚህ የቃል ጨዋታ ከቁም ነገር ያንሳል የሚል ሰው ቢኖር የገዛ አገሩን ጥበብ መዘንጋቱ ነው እንላለን። በዚህ መጽሐፍም ሰሙ የጓደኛሞች ሌሊት ነው፤ ወርቁ ዳግመኛ የማትገኝ ከተማ ናት።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ስለ ዘፋኟ ስለ ላ ኤስትሬያ የተጻፈው ነው። ይህች ሴት በሰው ቤት የምትሠራ፣ እጅግ ወፍራም፣ ጥቁር ሴት ናት። ሙዚቀኞች ሥራ ጨርሰው ለራሳቸው በሚጫወቱበት በሌሊቱ መጨረሻ ሰዓት ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ ትዘፍናለች። ኮዳክ ሰምቷት ይደነግጣል፤ ታሪኳንም የሚተርክልን እርሱ ነው። በኋላ በትልቅ መድረክ ከኦርኬስትራ ጋር ስታቀርብ ያ ድምፅ ጠፋ፤ በመጨረሻም በሜክሲኮ ሞተች። ደራሲው ይህችን ሴት የቀረጸው ፍሬዲ በሚል ስም ከምትታወቀው ከዘፋኟ ፍሬዴስቪንዳ ጋርሲያ ነው። ፍሬዲ ሠራተኛ ሆና በሰው ቤት ኖራ ነበር፤ በዕድሜዋ ያስቀረጸችው አንድ ትልቅ ሸክላ ብቻ ሲሆን በ1961 በስደት በፖርቶ ሪኮ ዐረፈች። ከዚህ አንድ ሸክላ በቀር በየሌሊቱ የዘፈነችውን ማን አኖረው? ሥዕል በግድግዳ ላይ ይኖራል፤ ሕንፃ ይቆማል፤ ሌሊት የተዘፈነ ዘፈን ግን ሲነጋ የለም። መጽሐፉ ሊይዝ የሞከረው ይህንኑ የማይያዝ ነገር ነው።

እንግዲህ ደራሲው ከአገሩ እንዴት እንደ ወጣ እንናገር። ወንድሙ ሳባ ካብሬራ ኢንፋንቴና ጓደኛው ኦርላንዶ ሂሜኔዝ ሌያል «ፒ. ኤም.» የሚል ርእስ ያለው ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ተራ ሰዎች በሃቫና ወደብ አጠገብ ባሉ መጠጥ ቤቶች ሲጠጡና ሲጨፍሩ ያሳያል፤ ሌላ ምንም የለበትም። በ1961 እንዳይታይ ተከለከለ። ነገሩ ክርክር ስላስነሣ በሰኔ ወር ፊደል ካስትሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከደራሲዎችና ከሠዓሊዎች ጋር ተሰብስቦ፣ ለአብዮቱ የሚቆም ሁሉ እንደሚፈቀድለት፣ የሚቃወመው ግን ምንም እንደማይፈቀድለት ተናገረ። በዚያው ዓመት ካብሬራ ኢንፋንቴ የሚመራው የሰኞ እትም ተዘጋ። በ1962 በብራስልስ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ሠራተኛ ሆኖ ተላከ። የተከለከለውን ፊልም በወረቀት ላይ ለመቀጠል አስቦ የጀመረውን መጽሐፍ በዚያ ጻፈ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1964 በባርሴሎና ሽልማት አገኘ። ሆኖም የፍራንኮ መንግሥት ሳንሱር እንዳይታተም አገደው። በ1965 እናቱ ስለ ሞተች ለቀብር ወደ ሃቫና ተመለሰ፤ መውጫ ተከልክሎም አራት ወር ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ያየው ከተማ የሚያውቀው ከተማ አልነበረም። በጥቅምት ወር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። መጽሐፉን እንደ ገና ሠራው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ የአማፅያን ውጊያ ከሌሊቱ ጭፈራ ጋር እየተፈራረቀ ይመጣ ነበር፤ የውጊያውን ክፍል አወጣና ሌሊቱን ብቻ አስቀረ። የወጣውን ክፍል መሠረት አድርጎ ያዘጋጀውን ደግሞ በ1974 በሌላ መጽሐፍ አሳተመ። «ሦስት ያዘኑ ነብሮች» በ1967 ሲወጣም የሳንሱር መቀስ አልማረውም ነበር። በ1968 የኩባን መንግሥት በግልጽ ስለ ነቀፈ ከደራሲዎች ማኅበር ተሰረዘ። በለንደን ኖሮ፣ በ1979 እንግሊዛዊ ዜግነት ተቀብሎ፣ በ1997 የስፓኝ ቋንቋ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የሰርቫንቴስን ሽልማት አግኝቶ፣ በ2005 በዚያው ዐረፈ። አንዱን መጽሐፍ እርስ በርሳቸው ጠላት የሆኑ ሁለት መንግሥታት አልወደዱትም። መጽሐፉ ግን ለማንም ሰልፍ አልወጣም፤ ለሰልፍ አለመውጣቱ ራሱ እንደ ጥፋት ሳይቆጠርበት አልቀረም።

በክበባችን ሁለት ተቃውሞዎች ተነሥተው ነበር። የመጀመሪያው፣ ስለ መጠጥና ስለ ጭፈራ የተጻፈ መጽሐፍ ለተማሪ ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። መልሳችን፣ መጽሐፉ ስካርን አያመሰግንም የሚል ነው። ጓደኛሞቹ ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣሉ፤ የሚሹትን ግን አያገኙም። ረጅሙ የመጨረሻ ክፍል ኩዌና ሲልቬስትሬ በመኪና ከተማይቱን እየዞሩ የሚያወሩት ነው፤ አንዱ ለሌላው ሊነግረው የሚፈልገው ከባድ ነገር አለ፤ ሁሉንም እየቀለዱ ያሳልፉታል። ቀልድ ጓደኛን ሊያቀርብ እንደሚችል ሁሉ ሊያርቅም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ያቺ የተዋበች ሌሊት የቆመችው በድኾች ድካምና በወንበዴዎች ገንዘብ ላይ ከሆነ፣ እርሷን መናፈቅ ግፉን መርሳት አይሆንምን? ግማሻችን ይሆናል አልን፤ ግማሻችን አይሆንም አልን። የተስማማንበት ይህ ነው፤ የቁማር ቤቱ ባለቤት ሌላ ነው፤ ከሥራ በኋላ የምትዘፍነው የቤት ሠራተኛ ሌላ ናት። የመጀመሪያው ቢረሳ አይጎዳም፤ የሁለተኛዋ መረሳት ግን ሁለተኛ ግፍ ነው። ናፍቆት ሐሰት የሚሆነው ዐይኑን ሲጨፍን ነው። ላ ኤስትሬያን የጻፈ ሰው ዐይኑን ጨፍኗል ለማለት አልቻልንም።

ይህ ነገር ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ከ1977-78 ጦርነት በኋላ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረዋል፤ የኩባን ቋንቋና ዘፈን ከሃቫና ጎዳና ጋር የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በአዲስ አበባም የራሷ ሌሊት ነበረች። አምሐ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የዚያች ሌሊት ድምፅ እንዲቀር አደረገ። ከ1974 በኋላ ግን የሰዓት እላፊ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ዘጋው፤ አምሐም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። በስደት ያሉ ወገኖቻችን ያቺን ከተማ በየሸክላው ሲፈልጓት ኖረዋል። በ2024 ደግሞ በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። መፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው የዛሬ ንግግራችን አይደለም። የእኛ ጥያቄ፣ በዚያ ማን ዘፈነ፣ ማን ምን ብሎ ቀለደ፣ ባለ ቤቷ ለደንበኛ ምን ትል ነበር፣ ማን ያውቀዋል? የሚል ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ቤት ሲፈርስ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አይጠፋም። ድምፅን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ከአንድ ትልቅ ሰው፣ ከአያታችን ወይም ከጎረቤታችን፣ በወጣትነቱ የሚያውቀውን የሰፈር ወሬ እንጠይቅ፤ አነጋገሩን ሳናሳምር፣ የሰፈሩን ቃል በመዝገበ ቃላት ቃል ሳንለውጥ፣ ቀልዱን ከነተረቡ እንጻፈው። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለየቅል ቢነግሩን የአቶ ካምቤልን ከዘራ አስታውሰን ሁለቱንም እንያዝ። የተሰበሰበውም በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ክቡር ዲሬክተራችንን በትሕትና እንለምናለን።

ትምህርት ቤታችን ገና ብዙ በዓል ለማክበር ያብቃው። ከእኛ በኋላ በዚህ አዳራሽ የሚቆሙትም ተማሪዎች የእኛን ዘመን ድምፅ በጽሑፍ እንዲያገኙት እንመኛለን።